አጥንት ያለሰለሰው ሐኪም፤ የዴኒስ ፓፔን የሕይወት ታሪክ

የእንፋሎት ኀይል ነገር በተነሣ ቁጥር፣ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ወደ አእምሮአችን የሚመጣው የእስኮትላንዱ ተወላጅ የጄምስ ዋት ስም ነው። ዋት የሚገባውን ምስጋና አላጣም። ነገር ግን ዋት ከመወለዱ ከሰማንያ ዓመት በላይ አስቀድሞ የተወለደ፣ እንፋሎትን በወፍራም ዕቃ ውስጥ አፍኖ በልክ እየተነፈሰ እንዲያገለግል ያደረገ አንድ ሰው ነበረ። የዚህን ሰው ስም የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ሥራውን ግን ዛሬ በአዲስ አበባ በብዙ ወጥ ቤት ውስጥ እናገኘዋለን። ማታ ከቢሮ ገብቶ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ፕሬዠር ኩከር ባቄላውን የሚቀቅል ወጣት ደመወዝተኛ ሁሉ፣ ሳያውቀው የዚህ ሰው ባለዕዳ ነው። ስሙ ዴኒስ ፓፔን ይባላል። ታሪኩ የሚያሳዝን ክፍል አለው፤ ይኸን ድስት ያለ አደጋ ሊሠራበት ለሚፈልግ ሰውም የሚጠቅም ዕውቀት በውስጡ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ፓፔን በኦገስት 22 ቀን 1647 በፈረንሳይ አገር፣ በብሉዋ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሺተኔ መንደር ተወለደ። ቤተ ሰቦቹ የካልቪንን ትምህርት የተቀበሉ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ይህም በዚያ ዘመን ካቶሊካዊ ንጉሥ በሚገዛው አገር ለሚኖር ሰው ትንሽ ነገር አልነበረም፤ በኋላ ከአገር ወደ አገር እንዲንከራተት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሆኖ እናገኘዋለን። በአንዤ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1669 የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ይሁን እንጂ ልቡ ከበሽተኛው አልጋ ይልቅ ወደ መሣሪያና ወደ ሙከራ ያደላ ስለ ነበር፣ ስሙ የታወቀው በሐኪምነት ሥራ አይደለም።

ወደ ፓሪስ በመጣ ጊዜ ዕድል ከታላቅ ሰው ጋር አገናኘችው። ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሆይገንስ፣ በ1666 የተቋቋመው የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ በንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራ ነበር። ፓፔን የእርሱ ረዳት ሆነ። በዚያን ጊዜ የሊቃውንቱን ሁሉ አሳብ የያዘው ጉዳይ፣ አየርን ከዕቃ ውስጥ መጥጦ የሚያወጣው ፓምፕ ነበር። ፓፔንም በዚሁ ፓምፕ ብዙ ሙከራ አድርጎ በ1674 ስለ ባዶ ሥፍራ አንዲት መጽሐፍ አሳተመ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ በዚያው ዘመን በፓሪስ ይኖር ስለ ነበር ሁለቱ ተዋወቁ፤ በኋላም ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ ሲጻጻፉ ኖረዋል። ሆይገንስ ደግሞ በባሩድ ፍንዳታ የሚንቀሳቀስ ሞተር ለመሥራት ይሞክር ነበርና ፓፔን በዚህም ረድቶታል። ባሩዱ ከፈነዳ በኋላ በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት አየር ሁልጊዜ እየቀረ ሥራውን ያበላሸው ነበር፤ ስለዚህም አሳቡ አልሰመረም። ፒስተኑ ግን በፓፔን አእምሮ ውስጥ ተቀርጾ ቀረ።

ስለ አየር ፓምፑ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የድስቱ ምሥጢር የሚገኘው እዚያ ነውና። ለብ ያለ ውሃ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ተከድኖ አየሩ በፓምፕ ሲወጣለት፣ እሳት ሳይነካው መፍላት ይጀምራል። ይህ የሚሆነው ውሃ የሚፈላው በላዩ የተጫነውን የአየር ግፊት ማሸነፍ ሲችል ስለ ሆነ ነው። ግፊቱ ሲቀልለት በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ ግፊቱ ሲበረታበት ደግሞ እጅግ እስኪግል ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። እኛ በደጋ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳንማር በየቀኑ እናየዋለን። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ድስቱ ሲንተከተክ ስናይ የመጨረሻው ሙቀት ላይ የደረሰ ይመስለናል፤ ደርሷልም፤ ግን የደረሰበት ሙቀት በጅቡቲ ካለው ድስት ያነሰ ነው። ባቄላውና የበሬው ሥጋ እኛ ዘንድ የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። እሳት ማባባስም ማገዶ ይፈጃል እንጂ፣ ክፍት በሆነ ድስት ውስጥ ያለውን ውሃ ከዚያ በላይ አያግለውም።

በ1675 ፓፔን ወደ ለንደን ተሻገረ። በዚያም የአየርን ጠባይ በመመርመር ስሙ የገነነው ሮበርት ቦይል ተቀብሎ በሥራው አስገባው። ፓፔን አዲስ የተሻሻለ ፓምፕ ሠርቶለት እስከ 1679 ድረስ አብረው ሲሞክሩ ቆዩ፤ ከሙከራዎቹም መካከል አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ምግብን ሳይበላሽ ማቆየት አንዱ ነበር። ቦይል ከዚህ ሥራ ብዙው የረዳቱ የፓፔን መሆኑን ራሱ በመጽሐፉ መግቢያ መስክሯል። ጌታ የረዳቱን ድካም በግልጽ ሲመሰክር ብዙ ጊዜ ስለማይታይ፣ ይህ ለቦይል ክብር ነው።

እንግዲህ ፓፔን አየር ከዕቃ ሲወጣ የሚሆነውን ለብዙ ዓመታት ካየ በኋላ፣ በ1679 በሜይ ወር ተቃራኒውን የሚያሳይ ዕቃ ይዞ በለንደኑ የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ፊት ቀረበ። በ1681ም የአሠራሩን ዝርዝር በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ዕቃው ከወፍራም ብረታ ብረት የተሠራ ሲሊንደር ነው። ክዳኑ በብሎን ተጠርንፎ ይታሰራል፤ ምግቡ በውስጠኛው ትንሽ ዕቃ ይቀመጣል፤ ከታች እሳት ይነድዳል። እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ ውሃውን መልሶ ይጫነዋል፤ ውሃውም ከመፍላት ይልቅ እየጋለ ይሄዳል። በዚህ ሙቀት ጠንካራ የበሬ አጥንት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ልስልስ ይሆናል። ዕቃው ምግብን የሚያልም ሆድ ይመስል ስለ ነበር ፓፔን ስሙን ዳይጀስተር አለው።

ፓፔን ነጋዴ ባይሆንም የወጪን ነገር አይረሳም ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ በሬ፣ በግ፣ ጥንቸል፣ ርግብና ዓሣ ተራ በተራ እየተቀቀለ፣ ምን ያህል ከሰል እንደ ፈጀና ምን ያህል ጊዜ እንደ ወሰደ ተጽፎ ይገኛል። የሙቀት መለኪያ በሚገባ ባልተስፋፋበት ዘመን፣ የድስቱን ግለት የሚያውቀው በክዳኑ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ አንጠባጥቦ፣ ተንና እስክትጠፋ ድረስ የፔንዱለሙን ምልልስ በመቁጠር ነበር። ይህን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ የተደነቅሁት በዚህ ብልሃት ነው። የሚጥለው አጥንት ለድኾች መኖ እንዲሆን ማድረግም አንዱ ተስፋው ነበር። ሆኖም የአጥንት መረቅ ብቻውን ሰውን ለመመገብ እንደማይበቃ፣ በፓሪስ በማዤንዲ መሪነት የተቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ1841 አስታውቋል፤ ስለዚህ የቅልጥም መረቅ ጣዕሙ ቢጥምም እንጀራንና ወጥን አይተካም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትልቁ ነገር ግን በክዳኑ ላይ የነበረችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። ፓፔን ቀዳዳዋን በቫልቭ ደፍኖ፣ በቫልቩ ላይ አንድ ዘንግ አጋደመ፤ በዘንጉም ጫፍ ክብደት ሰቀለ። እንደ ሚዛን ነው፤ ክብደቱ ወደ ጫፍ ሲርቅ ቫልቩ በኀይል ይጫናል፤ ወደ ውስጥ ሲቀርብ ይላላል። የእንፋሎቱ ግፊት ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ቫልቩን በራሱ አንሥቶ ይወጣል፤ ግፊቱም ሲበርድ ቫልቩ ተመልሶ ይዘጋል። ሰው አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የተሠራ አብዛኛው የእንፋሎት ቦይለር፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ይጎትትበት የነበረው ጭምር፣ ይኸን ዓይነት መተንፈሻ ያለው ነው። በሐኪም ቤት የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሚቀቀልበት፣ በ1879 ሻምበርላን በፓስተር ዘንድ ሳለ የሠራው ኦቶክላቭም የዚያው ድስት ዘር ነው። በቤት ውስጥ ለሚደረገው አገልግሎት ደግሞ በ1939 በኒውዮርክ ኤግዚቢሽን የታየው የአሜሪካኖቹ ፕሬስቶ፣ በ1953 ደግሞ በፈረንሳይ የሴብ ኩባንያ ድስት ስመ ጥር ሆኑ። ሙቀቱንና ሰዓቱን በራሱ የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪኩ ዓይነት ዘግይቶ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለጥቂት ጊዜ አቁመን ወደ ራሳችን ወጥ ቤት ብንመለስ ፓፔን የሚቀየመን አይመስለኝም። ብዙ ሰዎች ይህን ድስት እንደ ቦምብ ፈርተው አይነኩትም፤ ሌሎች ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለ ሆነ ሁሉን በራሱ ያውቃል ብለው እንደ ተራ ድስት ይንቁታል። ሁለቱም ትክክል አይደለም። በውስጡ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር የሚበልጥ ሥፍራ ይፈልጋል። በታፈነው ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ከመፍያው በላይ የጋለ ነው፤ ክዳኑ ድንገት ቢከፈትለት በዚያችው ቅጽበት ከፊሉ ወደ እንፋሎት ተለውጦ፣ የቀረውን ትኩስ ምግብ ይዞ ወደ ሰው ፊት ይወረወራል። አደጋው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጥንቃቄውም ሁሉ ወደ ሁለት ነገር ይመለሳል። መተንፈሻው ሳይደፈን መኖር አለበት፤ ክዳኑም ግፊቱ ሳያልቅ መከፈት የለበትም።

መተንፈሻውን የሚደፍነው ብዙ ጊዜ ምግቡ ራሱ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ገብስ ሲቀቀሉ ያብጣሉ፣ አረፋም ያወጣሉ። አረፋው ገለባ ይዞ ወደ ቀዳዳዋ ከወጣ ቫልቩን እንደ ጭቃ ይለስነዋል። ስለዚህ ለሌላ ምግብ ከድስቱ ሁለት ሦስተኛ ማለፍ አይገባም፤ ለጥራጥሬ ግን ውሃውም እህሉም ተደምሮ ከግማሽ እንዳይበልጥ ነው። ንፍሮ ለሚቀቅል ሰው ይህ ስስት ይመስለዋል፤ እንግዳ ከበዛበት ሁለት ጊዜ ይቀቅል እንጂ አንድ ጊዜ አይሙላው። ድስቱ ከመጣዱ በፊትም ቫልቩን ነቅሎ ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ነው፤ ብርሃን ካላሳለፈች በቀጭን ነገር ተጠርጋ ትታጠብ። እንፋሎቱ ግድግዳውን እንዳያረጥብ ብለው በቫልቩ ላይ ፎጣ የሚጥሉ፣ ወይም እንዳያፏጭ ከባድ ዕቃ የሚጭኑበት ሰዎች አሉ። ይህ ፓፔን የከፈተውን በር መልሶ መዝጋት ነው፤ ከቶ መደረግ የለበትም።

ውሃውም ከሚበዛው ይልቅ የሚያንሰው አያስመሰግንም። እንፋሎቱ የሚገኘው ከውሃው ነውና፣ ሠሪው ፋብሪካ ከወሰነው በታች ከሆነ ግፊት ሳይኖር ምግቡ ከሥር ያርራል። የእኛ ወጥ በሽንኩርትና በበርበሬ የሚወፍር በመሆኑ እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁሌቱ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ከተቁላላ በኋላ ውሃ ተጨምሮ ከድስቱ ሥር የተጣበቀው በማማሰያ በሚገባ መላቀቅ አለበት። ወፍራም ወጥ እንፋሎትን በሆዱ ይይዛል፤ ግፊቱ ያለቀ ቢመስልም ክዳኑ ሲነሣ ሊፈናጠር ይችላልና፣ ከመክፈት በፊት ድስቱን ጥቂት ነቅነቅ ማድረግ ደግ ነው። ሽሮ በዚህ ድስት መሥራት ጨርሶ አያስፈልግም፤ ሽሮ በተራ ድስትም ቶሎ ይደርሳል። በክዳን ታፍኖ በብዙ ዘይት መጥበስም ክልክል ነው።

ስለ መክፈት ደግሞ፣ በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ድስቶች ክዳን ላይ ግፊት ሲኖር ከፍ የምትል፣ ግፊት ሲያልቅ ዝቅ የምትል ትንሽ ብረት አለች። እርስዋ ሳትወርድ ክዳኑ አይነካም። ከወረደችም በኋላ ክዳኑ በቀላሉ ካልዞረ ጥቂት መጠበቅ ነው፤ በቢላዋና በመፍቻ መታገል ሞኝነት ነው። እንፋሎቱን በቶሎ ለማስወጣት ቫልቩን ማዞር ቢያስፈልግ ከጎን ቆሞ፣ ፊትንና ክንድን አርቆ፣ በረጅም ማማሰያ ነው። ለጥራጥሬ ግን ይህ አይስማማም፤ አረፋው አብሮ ይወጣልና በራሱ እስኪበርድ ይተው። መብራት በመካከል ቢጠፋ ድስቱ በረደ ማለት አይደለም። የቁጥሩ መስኮት ጨልሞ ሳለ ግፊቱ በውስጡ ለብዙ ደቂቃ ይኖራል፤ እምነት የሚጣልባት ያችው ትንሽ ብረት ናት።

በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ በየጊዜው ወልቆ ይታጠብ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ለዚያው ዓይነት ድስት በተሠራ ጎማ ይለወጥ። ኤሌክትሪክ ያለበት የውጪው አካል ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ የሚታጠበው ከውስጥ የሚወጣው ድስት ነው፤ እርሱም ሲመለስ ሥሩ ደረቅ መሆን አለበት። አንድ ሺሕ ዋት የሚወስድ ድስት በ220 ቮልት ከ4 አምፔር በላይ ይስባልና ከግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ። በአንድ ክፍል የሚኖር ላጤ ምጣዱንም ድስቱንም በአንድ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ሲደረድር ይታያል፤ በዚህ ጊዜ የሚያሠጋው ድስቱ ሳይሆን ሽቦው ነው። በመጨረሻም፣ ከድስቱ ጋር የሚመጣው የሰዓት ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ አገር የተጻፈ ነው። ቫልቩ የሚለካው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለ ሆነ፣ የአዲስ አበባው ድስት ታፍኖም ቢሆን በባሕር ጠረፍ ካለው ዓይነቱ ጥቂት ያነሰ ሙቀት ይኖረዋል። በሠንጠረዡ ላይ ሩብ ያህል ሰዓት መጨመር ይስማማዋል። ባቄላው አልበስል አለ ብሎ ቫልቩን ማጥበቅ ግን መፍትሔ አይደለም።

ወደ ፓፔን እንመለስ። በኤፕሪል 12 ቀን 1682 የንጉሣዊው ማኅበር አባሎች ምግቡ ሁሉ በፓፔን ድስት የተሠራ ራት በሉ። ከእንግዶቹ አንዱ ጆን ኤቭሊን በዕለት ማስታወሻው እንደ መዘገበው፣ የበሬና የበግ አጥንት እንደ አይብ ለስልሶ ቀርቦ ነበር፤ የፈጀውም ከሰል ከስምንት አውንስ ያነሰ ነው፤ ከሁሉም በገዛ ጭማቂዋ የበሰለችው ርግብ እጅግ ጥማዋለች። ሊቃውንቱ ስቀውና ተደንቀው ወደየቤታቸው ሄዱ። ከራቱ የተረፈ ለፓፔን ግን ብዙ አልነበረም። ከ1681 ጀምሮ ቬኒስ በተቋቋመ አንድ አዲስ የሳይንስ ጉባኤ ውስጥ ሊሠራ ሄዶ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ፤ ጉባኤው ገንዘብ ስላጠረው በ1684 ወደ ለንደን ተመለሰ። ማኅበሩ በዓመት 30 ፓውንድ እየከፈለ የሙከራ አሳዪ አደረገው። አንድ የተማረ ሰው በዚህ ደመወዝ ቤት ሊሠራ አይችልም። በ1685 ደግሞ ሉዊ አሥራ አራተኛ ለፕሮቴስታንቶች የእምነት ነፃነት የሰጠውን የናንትን አዋጅ ሻረ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ ተዘጋበት።

የሄሰን ካሰል ገዢ የነበረው መስፍን ካርል ከፈረንሳይ የተሰደዱትን ፕሮቴስታንቶች በደስታ ይቀበል ስለ ነበር፣ ፓፔን በ1687 ጥሪውን ተቀብሎ በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ሆነ። በዚያም ዘመዱ የሆነች መበለት አገባ። ተማሪዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ እርሱም ከማስተማር ይልቅ መሣሪያ መሥራት ይወድ ነበር። ለማዕድን ጉድጓድ አየር የሚነፋ ማሽንና ከውሃ በታች የሚሄድ ጀልባ ሠራ። አንዱን ሳይፈጽም ሌላውን መጀመሩ ግን እውነተኛ ጉድለቱ ነው፤ ለመከራው ሁሉ ሌሎችን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ቢሆንም በ1690 ያሳተመው አንድ አጭር ጽሑፍ ለዘላለም ስሙን ያስጠራል። በፓሪስ ያየውን የባሩድ ሞተር አስታውሶ፣ በባሩዱ ፈንታ እንፋሎት አስገባ። በቀጭን ሲሊንደር ሥር ጥቂት ውሃ ይጨመራል፤ በላዩ ፒስተን ይገባል። እሳት ሲነድድ እንፋሎቱ ፒስተኑን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እሳቱ ሲነሣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ሲሊንደሩም ባዶ ስለሚቀር የውጪው አየር ፒስተኑን በኀይል ወደ ታች ይጫነዋል። የእንፋሎት ሞተር መሠረት ይህ ነው። የሠራው ግን ትንሽ ናሙና ብቻ ነበር፤ ትልቅ ሲሊንደር በትክክል የሚፍቅ ባለሙያም በዚያን ጊዜ በቀላሉ አይገኝም ነበር። በ1705 ላይብኒትዝ የእንግሊዛዊውን የቶማስ ሴቨሪን የውሃ መሳቢያ ሥዕል ላከለት፤ ፓፔንም በዚህ ተነሣሥቶ የራሱን ሌላ መሣሪያ ሠራና በ1707 መጽሐፍ አሳተመ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 24 ቀን፣ ሥራውን በእንግሊዝ ለማሳየት ተስፋ አድርጎ በሠራት ጀልባ በፉልዳ ወንዝ ላይ ከካሰል ተነሣ። ጀልባይቱ በጎንና በጎንዋ መቅዘፊያ መንኮራኩር ነበራት። ብዙ መጻሕፍት በእንፋሎት ትሄድ ነበር ብለው ጽፈዋል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ መንኮራኩሮቹን የሚያዞሩ ሰዎች ነበሩ። እንፋሎቱ ገና በአሳብ ነበር። ፉልዳ ከቬራ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ቬዘር በሚሆንበት በሙንደን ከተማ፣ በወንዙ የመጫን መብት የነበራቸው የጀልበኞች ማኅበር አባሎች የይለፍ ወረቀት የለህም ብለው አገዱት። ላይብኒትዝ ፈቃዱን አስቀድሞ ለማግኘት ሞክሮ አልተሳካለትም ነበር። ጀልበኞቹም ጀልባይቱን ከወንዙ ጎትተው ሰባበሩአት። ፓፔን ስድሳ ዓመት ሞልቶት ነበር።

ለንደን ሲደርስ የቀድሞዎቹ ወዳጆቹ አልነበሩም። ቦይል በ1691 ሞቷል፤ የማኅበሩ ጸሐፊ የነበረው ሮበርት ሁክም በ1703 አርፏል። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኒውተን ነበር። ፓፔን መሣሪያውን ከሴቨሪ መሣሪያ ጋር ለማወዳደር፣ በእንፋሎት የምትሄድ ጀልባም ለመሥራት ጥቂት ገንዘብ እንዲሰጠው አመለከተ። ማመልከቻው ተነበበ፤ ገንዘቡ ግን አልተፈቀደም። ከዚህ በኋላ ለዚህ ለዚያ ጥቃቅን ሙከራ እያቀረበ በችግር ኖረ። በጃንዩወሪ 1712 ለማኅበሩ ጸሐፊ ለሃንስ ስሎን በጻፈው ደብዳቤ፣ ያቀረባቸው ጽሑፎች እየተነበቡ ስሙ ግን እንደማይመዘገብለት፣ እርሱም በአሳዛኝ ሁኔታ ላይ መሆኑን ገልጿል። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ በእጁ የተጻፈ ነገር አልተገኘም።

በዚያው በ1712 ዓመት ቶማስ ኒውኮመን የተባለ ብረት ነጋዴ፣ በእንግሊዝ በደድሊ አጠገብ በከሰል ማዕድን ላይ አንድ ትልቅ ሞተር ተከለ። በሲሊንደሩ ውስጥ እንፋሎት እየገባና እየቀዘቀዘ፣ ፒስተኑ በአየር ግፊት ወደ ታች እየወረደ ውሃውን ከጉድጓዱ ይስብ ነበር።

የትውልድ አገሩ ብሉዋ ለፓፔን ሐውልት አቁማለታለች። የሞተበት ቀንና የተቀበረበት ሥፍራ ግን ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። በቅርብ ዓመታት በለንደን በፍሊት መንገድ የሚገኘው የቅድስት ብራይድ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሲመረመር፣ ዴኒስ ፓፔን በኦገስት 26 ቀን 1713 መቀበሩ በአንዲት መስመር ተጽፎ ተገኘ።